«አምስት ዓመት የኖርክበትን ፒያሳ ካላወቅኸው እኔን መቼ ታውቀኛለህ?»

ፍቅረኛውን ይዞ የጎንደርን ፒያሳ ለሚዞር ወጣት

ጉዳዩ እንዲህ ነው። አንድ የማውቀው ልጅ አለ። ስሙ ይቆየንና «ልጁ» እንበለው። የወገዳ ልጅ ነው፤ የስማዳዋ ወገዳ። ጎንደር ሥራ ከያዘ አምስት ዓመት ሆኖታል። የተከራየው ፒያሳ አጠገብ ነው። ጠዋት ቡናውን እዚያ ይጠጣል፣ ማታ እዚያ ያመሻል፣ ጫማውን እዚያ ያስጠርጋል። ሊስትሮዎቹ ሳይቀሩ በስሙ ይጠሩታል። በአጭሩ «የፒያሳ አራዳ ማለት እኔ ነኝ» ባይ ነው።

ፍቅረኛው ደግሞ እዚያው ወገዳ አስተማሪ ናት። ፍቅራቸው የስልክ ፍቅር ነው። ኔትወርክ ሲኖር ያወራሉ፣ ሲጠፋ ይናፈቃሉ። ባለፈው «እንጋባ» ብሎ ጠየቃት። እሷም ብልህ ናት፣ «በስልክ እሺ አልልም፤ መጥቼ አይቼህ ነው የምመልስልህ» አለችው። መምጣቱ ግን ቀላል አልሆነም። መንገድ ተዘጋ ተከፈተ እየተባለ ወራት አለፉ። በመጨረሻ ግን መጣች።

ልጁ ታዲያ ምን አደረገ መሰላችሁ? ጨላ ተበደረ! ደህና ሆቴል ያዘላት። ክትፎ አዘዘ። ማታ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት ይዟት ዞረ። እሷ ሙዚቃው እየጮኸባት ጆሮዋን ትይዛለች፣ እሱ «ተዝናኝ እንጂ!» ይላታል። በማግስቱ ጠዋት ፒያሳን ይዘው ሲወርዱ፣

«ይሄን ፒያሳ ማን ሠራው?» ብላ ጠየቀችው።

«ጣሊያን ነዋ።»

«መቼ? ለማን ብሎ?»

ልጁ ጭጭ!

ግንቡ ዘንድ ደረሱ። «ይሄስ የማን ነው?» አለችው። «የፋሲል ነው፣ ፖርቱጋሎች ናቸው አሉ የሠሩት» አላት። ይባስ ብሎ ቁልፉን ከኪሱ አወጣና «ነይ ስማችንን እዚች ድንጋይ ላይ ልጻፍ፣ ለዘላለም ይኖራል» አለ። እጁን ያዘችው። ከዚያም ያቺን ንግግር ተናገረች።

«አንተ፣ አምስት ዓመት የኖርክበትን ፒያሳ ካላወቅኸው እኔን መቼ ታውቀኛለህ?»

በማግስቱ ተሣፍራ ሄደች። መልሱን እንደያዘች!

ልጁ እያለቀሰ ነው ማለት ይቻላል፣ እኔ ዘንድ መጣ። «ምን ላድርግ? ምን አጠፋሁ? ያለኝን ሁሉ አወጣሁላት እኮ» ይላል። እኔም ታሪክ የተማርኩ ምሁር አይደለሁም። ግን እውነቷን ነው አልኩት። ሴት ልጅ የምትፈራው ድህነትን ብቻ እንዳይመስልህ፤ ዐይኑ ሥር ያለውን ነገር የማያይ ወንድም ያስፈራታል። አምስት ዓመት በየቀኑ የሚያልፍበትን ነገር አንድ ቀን «ይሄ ምንድነው?» ብሎ ያልጠየቀ፣ ነገ ሚስቱን «ምን ሆነሻል?» ብሎ ይጠይቃል?

እና ወዳጄ፣ ቁጭ ብለን ለሁለተኛው ቀጠሮ የሚሆን መንገድ አወጣን። ጨላ የማይፈጅ መንገድ። ለናንተም ይጠቅማችሁ ይሆናል ብዬ እነሆ አቀረብኩት።

አንደኛ፦ ከፖስታ ቤቱ ተነሱ

ፒያሳ ማለት በጣሊያንኛ አደባባይ ማለት ነው። የሚገርመው ግን ጎንደር ጣሊያን ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት የራሷ አደባባይ ነበራት። ከነገሥታቱ ግቢ በር ፊት ለፊት፣ አዋጅ የሚነገርበት፣ ዳኝነት የሚሰጥበት፣ ሕዝብ የሚሰበሰብበት ሜዳ «አደባባይ» ይባል ነበር። «አደባባይ ኢየሱስ» የሚለው የቤተ ክርስቲያን ስም ዛሬም ያስታውሰናል። እኛ ግን የባዕዱን ቃል ለሠፈር ስም ይዘን ቀረን!

ጣሊያን ጎንደር የገባው በመጋቢት ወር 1928 ዓ.ም ነው። ከተማዋን የአማራ ግዛት ብሎ ለሰየመው አስተዳደር ማዕከል አደረጋት። ጌራርዶ ቦዚዮ የሚባል የፍሎረንስ አርክቴክት መጣና በ1930 ዓ.ም ገደማ የከተማዋን ፕላን ነደፈ። እነዚያ ግድግዳቸው ጥርት ያለ፣ ማዕዘናቸው የተቆለመመ፣ በረንዳቸው ሰፊ የሆኑ ሕንፃዎች፣ ፖስታ ቤቱ፣ ሲኒማ ቤቱና ጎረቤቶቻቸው የዚያ ዘመን ሥራ ናቸው። ፖስታ ቤቱ ፊት ለፊት ቆማችሁ ቀና በሉ። ብዙዎቻችን ከሱቁ መስኮት በላይ አይተን አናውቅም። የፒያሳ ውበት ያለው ግን ከሱቁ በላይ ነው።

ሁለተኛ፦ ፍቅር በሕግ የተከለከለበት መንገድ

አሁን ደግሞ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ቁልቁል ውረዱ። እየሄዳችሁም ይቺን አስቡ።

የቦዚዮ ፕላን ከተማዋን ለሁለት የሚከፍል ነበር። የነጮች ሠፈር ለብቻ፣ የአገሬው ሰው ሠፈር ለብቻ። ቤተ መንግሥቶቹንም «እኛ የነገሥታቱ ወራሾች ነን» ለማለት ያህል የከተማው ጌጥ አደረጋቸው። ዛሬ ተደግፈንባቸው ማኪያቶ የምንጠጣባቸው ግድግዳዎች ሲሠሩ ለኛ ተብለው አልተሠሩም።

ሕግም ነበረ። በሚያዝያ 1929 ዓ.ም የወጣው የፋሽስት ሕግ አንድ ጣሊያናዊ ከአበሻ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እሥራት ይፈርድበት ነበር። ልብ በሉ! ሰው የሚታሠረው ስለሰረቀ አይደለም፣ ስለገደለም አይደለም፤ የሚወዳትን ሴት ቤቱ ስላስገባ ነው። እናንተ ዛሬ የፈለጋችሁትን ሰው እጅ ይዛችሁ ያለ ከልካይ በዚህ መንገድ ትሄዳላችሁ። ይሄ በነፃ የመጣ አይደለም።

አዲስ አበባ በሚያዝያ 1933 ዓ.ም ነፃ ስትወጣ ጎንደር አልወጣችም ነበር። ጄኔራል ናዚ የተባለው የጣሊያን አዛዥ ዙሪያውን መሽጎ ሰባት ወር ገደማ ቆየ። የበጌምድር አርበኞችና የእንግሊዝ ጦር ከበው ወጠሩት። ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም እጁን ሰጠ። በምሥራቅ አፍሪካ የጣሊያን የመጨረሻው ትልቅ ምሽግ የወደቀው እዚህ ነው። ከጋይንትም፣ ከእስቴም፣ ከስማዳም አያቶቻችን በየጫካው የዋሉት ለዚህ ነበር። ቅድመ አያቷ አርበኛ የነበረ ልጅ ይዛችሁ ይሆናል፤ ጠይቋት።

ሦስተኛ፦ ግንቡን ማን ሠራው?

ከፒያሳ ወደ ደቡብ ትንሽ ስትወርዱ ፋሲል ግቢን ታገኛላችሁ። እዚህ ጋ ልጁ «ፖርቱጋሎች ናቸው» ብሎ ጉድ የሆነበትን ነገር እናስተካክል።

አፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት በ1628 ዓ.ም ነው። አባታቸው አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆነው አገር ተበጣብጦ ነበር። ልጃቸው ሲነግሡ የቀድሞውን ሃይማኖት መለሱና የካቶሊክ ሚሲዮናውያኑን ከአገር አስወጡ። ይሄ የሆነው ከተማዋ ከመቆርቆሯ በፊት ነው። ታዲያ የተባረረ ሰው እንዴት ግንብ ይሠራል? አሠራሩ ላይ የውጭ አገር ጥበብ ሊታይበት ይችላል፤ ድንጋዩን የጠረቡት፣ ኖራውን ያቦኩት እጆች ግን የዚሁ አገር እጆች ናቸው። በግንበኝነትና በእንጨት ሥራ ስማቸው የሚነሳው ደግሞ ቤተ እስራኤሎች ናቸው።

የጎንደር ሽማግሌዎች ሌላም ይሏችኋል። የመንግሥቱ መቀመጫ «ጎ» በምትል ፊደል የሚጀምር ቦታ ይሆናል ተብሎ ትንቢት ነበር ይባላል። ለዚህ ነው ጉዛራ፣ ጎርጎራ፣ ኋላም ጎንደር የሆነው ይላሉ። አፈ ታሪክ ነው፣ ግን ለፍቅር ጨዋታ ይሆናል!

ግቢው ውስጥ አንድ ንጉሥ ብቻ አይደለም ያለው። ፋሲል የመጀመሪያውን ባለ አራት ማማ ግንብ ሠሩ። ልጃቸው ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት ጨመሩ። የልጅ ልጃቸው ታላቁ ኢያሱ የራሳቸውን ቤተ መንግሥት አቆሙ፤ ያ ቤት የመሬት መንቀጥቀጥም፣ በጦርነቱ ጊዜ የእንግሊዝ ቦምብም ቀምሷል። ዳዊት የመዝሙርና የዘፈን አዳራሽ ሠሩ። በካፋ የግብር አዳራሽ። ምንትዋብ የራሷን ግንብ። ዙሪያውን ያለው አጥር ወደ 900 ሜትር ይሆናል፤ 12 በሮችም ነበሩት። ዩኔስኮ በ1972 ዓ.ም የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። አንዱ ንጉሥ የሌላውን አፍርሶ ሳይሆን አጠገቡ ጨምሮ ነው የሠራው። ትዳርም እንዲህ ቢሆን ምናለ!

አራተኛ፦ የታመመው ንጉሥና አስታማሚዋ

ምንትዋብ ግንብ ሥር ስትደርሱ አረፍ በሉ። ይህንን የምትነግሯት እዚህ ነው።

አፄ በካፋ ተራ ሰው መስለው አገር መዞር ይወዱ ነበር ይባላል። አንድ ጊዜ ቋራ ውስጥ ታመሙ። ማንነታቸውን ያላወቁ ሰዎች ቤት አስገቧቸው፤ የቤቱም ልጅ አስታመመቻቸው። እሷ ንጉሥ መሆናቸውን አታውቅም። ሰው ታሞ አየች፣ ውሃ ሰጠች፣ ራሱን አቀናች። ንጉሡ ሲድኑ ልከው አስመጧትና አገቧት። ይህን ታሪክ በ1762 ዓ.ም ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ጄምስ ብሩስ ጽፎታል።

ታሪኩ ግን እዚያ አያበቃም። በካፋ ሲሞቱ ልጃቸው ኢያሱ ሕፃን ነበር። ምንትዋብ ብርሃን ሞገሳ ተብላ በ1723 ዓ.ም ዘውድ ደፋችና ከልጇ ጋር አገር አስተዳደረች። ከከተማው ወጣ ብሎ ቁስቋምን አሠራች። አያችሁ? የቆንጆ ሴት ታሪክ ብቻ አይደለም። የምታገባትን ሴት «ቆንጆ ነች» ብለህ ብቻ አትለፍ፤ አገር የምትመራ ልትሆን ትችላለች።

አምስተኛ፦ ጃን ተከል ዋርካ ሥር

ከግቢው ወጥታችሁ ጃን ተከል ግቡ። ዋርካው ትልቅ ነው፣ ጥላው አይጠገብም። የንጉሡ ድንኳን የሚተከልበት ስፍራ ስለነበር ነው ስሙ ይባላል። እዚህ ስትቀመጡ ደግሞ የከተማዋን መከራ አውሩ። ሁሉም ድል አይደለምና።

ከ1761 ዓ.ም ጀምሮ ዘመነ መሳፍንት መጣ። ነገሥታቱ በግንቡ ውስጥ በስም ብቻ ቀሩ። ኋላም ሥልጣኑ ራስ ጉግሣ ወደ ቆረቆሯት ደብረ ታቦር ሄደ። ለዚህ ነው ለኛ ለጋይንትና ለእስቴ፣ ለስማዳም ሰው ደብረ ታቦር የመንግሥት ከተማ የነበረችው። የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም በጋይንት በኩል አንችም ላይ ሲዋጉ ወደቁ፤ በዚያ ጦርነት አውሮፕላን ከላይ ቦምብ ጥሏል። ከጣሊያን በኋላ ግን የበጌምድርና ስሜን መዲና ጎንደር ሆነች። ለፍርድ ቤቱም፣ ለሆስፒታሉም፣ ለትምህርቱም የወገዳ ሰው መንገዱ ወደ ጎንደር ሆነ። በ1947 ዓ.ም የተከፈተው የጤና ኮሌጅ ነው ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የሆነው።

ከተማዋ ተዘርፋለችም፣ ተቃጥላለችም። በ1859 ዓ.ም የራሳችን ንጉሥ አፄ ቴዎድሮስ አብያተ ክርስቲያናቱን አስዘርፈው ከተማዋን አቃጠሉ። በ1880 ዓ.ም ደርቡሾች ከሱዳን መጥተው ዳግመኛ አቃጠሏት። ዛሬ ፒያሳ ላይ የቴዎድሮስ ሐውልት ቆሟል። የጎንደር ሰው ክፋቱን ሳይረሳ ጀግንነቱን ያከብራል። ሰውን በሙሉ ማንነቱ መውደድ ማለት ይሄ አይደል?

ጊዜ ካላችሁ ወደ አዲስ ዓለም ውረዱ። በአፄ ዮሐንስ ዘመን በ1660 ዓ.ም ሙስሊሞች ለብቻቸው እንዲኖሩ ታዝዞ የመጡበት ሠፈር ነው። ያኔ ለመለያየት የተወሰነው ሠፈር ዛሬ ከከተማው ጋር አንድ ሆኗል፤ የገበያው ሙቀትም ለብቻው ነው።

ፒያሳ ዛሬ

እውነቱን እንነጋገር። ፒያሳ ዛሬ የድሮ ግርግሯ የለም። በ2012 ዓ.ም ኮሮና መጣ። በ2013 ዓ.ም የሰሜኑ ጦርነት ተነሳ። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት የውጭ ቱሪስቱን አራቀው። ፈረንጅ ሲያስጎበኙ ሦስት ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች ሥራ ፈትተው ታገኟቸዋላችሁ። ቅርጻ ቅርጽ ሻጩ አቧራ ያራግፋል። ለዚህ ነው የናንተ ትንሽ ገንዘብ የምትጠቅመው። ያ ለአንድ ሌሊት መጠጥ የተበደርከው ጨላ ለአንድ አስጎብኚ ልጅ ስንት እራት እንደሚሆን አስበኸው ታውቃለህ?

ለሚሄዱ ጥንዶች ጥቂት ምክር

1. ጠዋት ሂዱ። ፀሐዩ ለስላሳ ነው፣ ድንጋዩም ቀይ ሆኖ ያምራል። ደግሞ ሁለታችሁም ያልደከማችሁበት ሰዓት ነው።

2. መታወቂያ ያላቸውን አስጎብኚ ያዙ፣ ዋጋውን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በኋላ መጨቃጨቅ ቀኑን ያበላሻል።

3. ተረከዙ ረዥም ጫማ ይቅርባችሁ። የግንቡ ደረጃ ለሽክ ባይ አይመችም።

4. ቤተ ክርስቲያን ከገባችሁ ነጠላ ይኑር፣ ጫማ ይውለቅ፣ ፎቶ ከማንሳት በፊት ይጠየቅ።

5. ስማችሁን ግንብ ላይ አትጻፉ! የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ማበላሸትን ወንጀል አድርጎታል። ሕጉ ባይኖርም ነውር ነው። ፍቅራችሁ ድንጋይ ካልተቧጨረ የማይጸና ከሆነ ድሮም ፍቅር አልነበረም።

6. ቡና ስትጠጡ ስልካችሁን አስቀምጡ። ወገዳ ሆና በስልክ ስታወራህ የኖረችውን ልጅ ፊት ለፊት አግኝተህ ስልክ ታያለህ እንዴ?

7. ከቻላችሁ ለጥምቀት ሂዱ። ከፒያሳ ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው የፋሲል መዋኛ ጥር 10 እና 11 ሌላ ዓለም ነው። የኢትዮጵያ ጥምቀት በ2012 ዓ.ም በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገበው ያለ ነገር አይደለም። ማደሪያ ግን ቀደም ብላችሁ ያዙ።

ልጁስ?

ልጁ ሦስት ሳምንት ሙሉ ፒያሳን ዞረ። ብቻውን! ጠየቀ፣ ሰማ፣ በደብተር ጻፈ። ከዚያ ደወለላት። «ነይ» አላት፣ «ሆቴል የለም፣ ክትፎ የለም፤ እግርሽን ብቻ ይዘሽ ነይ።» ሳቀች። መንገዱ ደህና ሲሆን መጣች፤ አክስቷ ቤት አረፈች።

ከፖስታ ቤቱ ተነሱ። እሱ ያወራል፣ እሷ ትጠይቃለች። ያላወቀውን «ይቺን አላውቃትም፣ እንጠይቅ» ይላል። እሷን ደስ ያላት ይሄኛው ነው አሉ። ጃን ተከል ሲደርሱ ከጥላው ሥር አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ሰላም አሏቸው።

«ከየት ናችሁ ልጆቼ?»

«ከወገዳ ነን አባባ። ግንቡን ልናይ መጥተን ነው።»

«ኧረግ! ታዲያ የራሳችሁን ነዋ ያያችሁት» አሉ ሽማግሌው። «የናንተ አያቶች አይደሉ እንዴ እህሉን፣ ማሩን፣ ከብቱን ለግብር እየነዱ እዚህ ያገቡት? ንጉሥ ከኪሱ አውጥቶ የሠራው ግንብ የለም ልጄ። ግንቡ የገባሩ ነው።»

ሁለቱም ዝም አሉ። ልጅቷ ዞር ብላ ግንቡን አየችው። ቅድም የመጣችው እንግዳ ሆና ነበር፤ አሁን ባለቤት ሆና አየችው። ልጁ ኪሱ ውስጥ ያለውን ቁልፍ ነካ፣ አፈረም።

መልሷን ሰጠችው ወይ? ትሉኛላችሁ። ሲመለሱ ፒያሳ ላይ ሻይ ይዘው፣ «ሽማግሌ የምትልክ ከሆነ አባቴ ቅዳሜ ገበያ ስለሚወጣ በእሁድ ይሁን» አለችው። ይሄ በስማዳ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ አልተረጉምም!

እናንተም እስቲ የምትኖሩበትን ከተማ አሮጌ ሠፈር አንድ እሁድ በእግራችሁ ዙሩት። አዲስ አበባም ሁኑ፣ ባሕር ዳርም፣ ደሴም። አጠገባችሁ ያለውን ሰው የምታውቁበት ጥሩ መንገድ እሱ ነው።

ቸር ሰንብቱ!